ለማጫ ያልመጣው በሬ

ረቡዕ ጠዋት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሣሁ። የእህቴ ልጅ ጌታሁን ሊያገባ ስለሆነ፣ ማጫው ሲታይ በአጎትነቴ እንድገኝ ተጠርቼ ነበር። በእነሱ መንደር ማጫ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የወንዱ አባት አንድ በሬ፣ የሴቷም አባት አንድ በሬ ይሰጡና ጎጆ ለሚወጡት ልጆች ጥማድ ይሆናል። በሬዎቹ አቻ ካልሆኑ ግን ትዳሩ ይፈርሳል።

ሐሙሲትን አልፌ ወረታ ወረድሁ። የሩዝ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ እኔ የጤፍ ሰው ነኝ፣ ግን ደገምሁ። ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ በእግሬ፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል እህቴ ቤት ደረስሁ። ባሏ አያ መኳንንት የሚኮሩበት ቀንዳም በሬ ደጅ ቆሟል። እንዲህ ያለ በሬ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት

ወደ ሙሽሪት ቤት ስንነሣ አያ መኳንንት ቀንዳሙን ትተው አንድ ትንሽ ቀይ በሬ ነዱ። ንፍገት መስሎኝ ተናደድሁ። የሙሽሪት አባት አያ ደሴም ያወጡት ያንኑ የሚያክል ዳልቻ በሬ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀንበር ጭነው ቢያስኬዷቸው እኩል ሄዱ። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

"ቀንዳሙስ የት ቀረ?" አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ አያ መኳንንት አዞሩ።

"እግሩን አሞት ነው" አሉ አያ መኳንንት፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

"እግዜር ይማረው" አሉ አያ ደሴ ቀስ ብለው።

ሽማግሌዎቹ "አቻ ነው" ብለው መረቁ። ልንሄድ ስንል አያ ደሴ አንድ እቅፍ ለምለም ሣር ይዘው መጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ለታመመው በሬዎ ይስጡልኝ" አሉ።

መንገድ ላይ "በሬው ደኅና አይደል እንዴ?" ብዬ አያ መኳንንትን ጠየቅኋቸው።

"ደኅና ነው። የአያ ደሴ ጥሩ በሬ ግን ክረምቱን ሞተባቸው። እኔ ቀንዳሙን ብነዳ ልጆቹ ሊለያዩ አልነበር?"

"በሬው እንዳልታመመ አያ ደሴ ያውቃሉ?"

"እንዴት አያውቁ። ማክሰኞ አጠገባቸው ሳርስበት ነው የዋልሁ።"

በራሴ አፈርሁ። ደግነታቸውን ንፍገት ብዬ፣ በዚህች አፌ የልጆቹን ትዳር ላፈርሰው ነበር። ቤት ስንደርስ ቀንዳሙ በአራት እግሩ ቆሞ ሣሩን ጨረሰው።

ዓርብ ባሕር ዳር ገባሁ። ሰው የሚከበረው በሚሰጠው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እቤት በሚያስቀረውም እንደሆነ አያ መኳንንት አስተማሩኝ። ባለቤቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ያ የሚያወሩለት ቀንዳም በሬ ለማጫ ተሰጠ?" አለችኝ።

"አልተሰጠም፤ እግሩን አሞት ነው" አልኋት።