ይብሰል የተባለው ውሃ

ጎረቤቴ ገድሉ ሞኝ ነው። ይህን ስል ስሙን ላጠፋ አይደለም፤ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ከዱርቤቴ መጥቶ ባሕር ዳር፣ እኔ በምሠራበት የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በማታ ትምህርት ዲግሪ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ሳይከት ዳቦ ቤት እንኳ አይሄድም። ዘንዘልማ ሰፈር አጥር የምንጋራው ከሱ ጋር ነው፤ ምን ኃጢአት እንደሠራሁ እንጃ። እኔ ፀደንያ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃ ስመረምር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ዓመት የጥራት ክፍል ኃላፊያችን ጡረታ ወጡና ወንበሩ ባዶ ሆነ። ለወንበሩ የቀረብነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ገድሉ። እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ዕድሜዬን በማይክሮስኮፕ ጀርም ሳይ የኖርሁ፣ እሱ ካርቶን ሲደረድር የኖረ። ምርጫው የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ የአቶ ኪሩቤል ነበር።

አቶ ኪሩቤል ጅቡቲ ብዙ ዘመን ሠርተው የመጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት፣ እዚያ ሳሉ ቤታቸው ውስጥ በመስታወት ሣጥን የባሕር ዓሣ ያኖሩ እንደነበርና አሁንም እንደሚናፍቃቸው አወሩ። በቃ፣ ገድሉ አበደ። ጣና አፍንጫው ሥር ተንጣሎ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚባለው ዓሣ ሞልቶ፣ ሰውዬው ጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በአውሮፕላን ሊያስመጣ ተነሣ። የባሕር ጨው በከረጢት መጣለት፣ አሸዋና ድንጋይ መጣለት። ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አውጥቶ የመስታወት ሣጥን በቦታው ገተረ። ከዚያ አቶ ኪሩቤልን ለእሑድ ምሳ ጠራ። እኔንም ጠራኝ፤ እንድቀና መሆኑ ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ግቢው በጭስ ታፍኗል። ለድግስ የሚወጡት ትልልቅ ድስቶች ጉልቻ ላይ ተጥደዋል። ሚስቱ ወለተ ሩፋኤል ዓይኗ እያነባ እንጨት ትማግዳለች፤ ገድሉ ጭልፋ ይዞ ያማስላል። ምን ልትደግሱ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለካ የዓሣዎቹን ውሃ እያበሰለ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዓሣ ሻጭ በስልክ፣ ውሃው ሳይበስል ዓሣ እንዳታስገባ ብሎ አስጠንቅቆታል።

የሻጩ መብሰል ሌላ ነው። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ መርዝ ይሆናል። ያን መርዝ የሚበሉ ጀርሞች አሉ፤ አንደኛው ዓይነት ወደ ሌላ መርዝ ይለውጠዋል፣ ሁለተኛው ዓይነት ያንን ተቀብሎ ብዙ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። አዲስ ውሃ ውስጥ ግን እነዚህ የሉም። ጨዉ በውሃው ከሟሟ በኋላ አየር እየተነፋበት፣ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ እየበሰበሰ፣ ጀርሞቹ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። እየለኩ ቆይተው ሁለቱም መርዞች መጥፋታቸው ሲረጋገጥ፣ ያኔ ውሃው በሰለ ይባላል። የጥራት ክፍል ልምራ የሚለው ገድሉ ግን እንደ ድንች ቀቀለው።

ጭልፋውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ የውሃ ሰው ነሽ። ልክ ነኝ?"

አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ግን የእሑዱ ምሳ ታየኝ፤ ወንበሩ ታየኝ።

"እሳቱን ጨምርበት" አልሁት።

ቤቴ ገብቼ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ሐሙስ ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣዎቹ ገቡ። አራት ናቸው፤ ብርቱካናማ፣ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት ያላቸው። ቆንጆ ነበሩ፣ አልዋሽም። ገድሉ ደግሞ አማቱ የመጣችበት ይመስል በላይ በላዩ ያጎርሳቸዋል። ቅዳሜ ወደ ውሃው አናት ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይቃትቱ ጀመር፤ ሁለቱ ሞቱ። እሑድ ጠዋት ሦስተኛዋ ተከተለች።

አቶ ኪሩቤል ሲገቡ የቀረችው አንዷ ብቻ ነበረች። ምሳው ሳይነሣ እሷም በጎኗ ተንሳፈፈች። ወለተ ሩፋኤል ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አቶ ኪሩቤል ወደ መስታወቱ ተጠግተው፣ ውሃው ዓሣ ሳይገባበት ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠየቁ። ገድሉ ረቡዕ ከሰዓት በደንብ አድርጎ መቀቀሉን አስረዳ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወጡን አያለሁ።

"ማን ነው ቀቅል ያለህ?"

"ይብሰል ተባልሁ ጌታዬ። እኔ ምን አውቃለሁ? ፀደንያንም ጠይቄያት ነበር፤ እሳቱን ጨምርበት አለችኝ።"

ሊያሳጣኝ ብሎ አይደለም። አምኖኝ ስለነበር ነው እንደዋዛ የተናገረው። አቶ ኪሩቤል ወደ እኔ ዞሩና አታውቂም ነበር ወይ አሉኝ። አላውቅም ብል የላቦራቶሪ ሰውነቴ ገደል ገባ። ለገድሉ ብዬ ደግሞ መሃይም አልባልም።

"አውቃለሁ" አልሁ።

"ነገ ጠርሙሱ ውስጥ ጀርም ስታዪም እንዲህ ነው የምትነግሪኝ?"

 አቶ ኪሩቤል እጃቸውን ታጥበው፣ ወለተ ሩፋኤልን አመስግነው ወጡ።

ማክሰኞ ደብዳቤው ተለጠፈ፤ የጥራት ክፍል ኃላፊ አቶ ገድሉ ይላል። ንቀቴ አልቀነሰም፤ ዛሬም ሞኝ ነው። የምርመራ ውጤት ይዤ በገባሁ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል፣ በትሕትና አመሰግናለሁ ይለኛል። ከዚያ ሌላ መርማሪ ጠርቶ ያንኑ ውሃ እንደገና ያስመረምራል።