የጦረ ይወርሳል

አባቴ የተወልን መሬት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጤፍም ስንዴም ይሰጣል፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ አለው። አባቴ ሲሞት የመሬቱ ደብተር በእናቴ ስም ሆነ። ታላቅ እህቴ ከተማ አግብታ አስተማሪ ሆናለች። እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ መሬቱን እወደዋለሁ።

በእኛ ዘንድ የጦረ ይወርሳል። ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታችን ባሉበት "እጦራታለሁ፣ እቀብራታለሁ" ብያለሁ። ከዚያ ወዲያ የዘመድ እንግዳ ማደሪያው እኔ ቤት ሆነ፤ ለቅሶ ቢሆን እህሉ ከእኔ ጎተራ፣ የአባቴ ተዝካር ከእኔ ጓዳ። ትንሽ ካጉረመረምሁ "የአባቱን መሬት ይበላ የለ እንዴ!" ይሉኛል። እበላለሁ እንጂ! ማን ይጠላል?

አንድ ቀን ግን አብረን ስናርም አንድ ጎረቤቴ፣ "ተጠንቀቅ" አለኝ። "ዕድሜ ልክህን ጦረህ፣ እናትህ የመጨረሻዋን ወር ሌላ ልጅ ቤት ብትሞት፣ የጦርኋት እኔ ነኝ የሚል ይመጣብሃል።" ሂድ ወዲያ፣ ሰይጣን! ብዬ ሳቅሁበት። ነገሩ ግን ሆዴ ገባ።

በሐምሌ እናቴን ሳል ያዛት። ትንፋሽ እያጠራት፣ ተቀምጣ ነበር የምታድር። እህቴ ሰምታ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው መጣች። እናቴን አየቻትና አለቀሰች።

"ሆስፒታሉ ከደጄ ነው። ልውሰዳት፤ ሲሻላት እመልሳታለሁ" አለችኝ።

"በዚህ ጭቃ? መንገድ ላይ ትሞታለች።"

"በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ናት እኮ!"

"ማን ሊሸከማት? ሰዉ ሁሉ እርሻ ላይ ነው" አልኋት።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ሰዉ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቤቱ ተቀምጧል። እህቴም ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ።

እናቴ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ፣ "ብሄድስ ምን አለ ልጄ?" አለችኝ።

"ክረምቱ ይውጣ፣ እማ።"

"እሺ፣ አንተ ካልህ" አለች።

እህቴ መድኃኒት ልትልክ ቃል ገብታ ብቻዋን ተመለሰች። መድኃኒቱ መጣ፤ እናቴ ግን ሳምንቱን አልጨረሰችም። እግዜር ያውቃል፣ ብትሄድ ትድን ነበር አልልም። አትድንም ነበርም አልልም። መሬቱን አስቀድሜባታለሁ፣ አለቀ።

በቀብሯ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከበው መረቁኝ። "እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን! እስከ መጨረሻው ከእጁ ሳትወጣ!" እያንዳንዱን "አሜን" ብዬ ተቀበልሁ፤ ምን ልበል?

ክረምቱ ሲወጣ ደብተሩን በስሜ ለማዞር ቀበሌ ሄድሁ። እህቴም በምስክርነት ተጠራች። ትከራከረኛለች ብዬ ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ የምመልሰውን ሁሉ አጥንቼ ነበር የሄድሁት። ሠራተኛው፣ "እናታችሁን የጦረው ማነው?" ብሎ ጠየቃት።

"እሱ ነው" አለች፤ ዓይኔን እያየች። "ልውሰዳት ብዬው እንኳ አልሰጠኝም።"

ሽማግሌዎቹ "አያችሁ! ልጅ ማለት ይህ ነው" ተባባሉ። እሷ ፈርማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልከተላት ተነሣሁ። ሠራተኛው "የት ነው? ያንተ ፊርማ ይቀራል" አለኝ። ተቀመጥሁና ፈረምሁ።