ጀላል ያፈረሱት ቤት

ጋሽ ጀላል መካነ ሰላም በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ሲገምዱ ያየ ሰው፣ ከአጅባር እስከ ማሻ ካሉት የድንጋይ ግንቦች ብዙዎቹ የእሳቸው እጅ ሥራ መሆናቸውን አይጠረጥርም። መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ገንብተዋል። በረመዳን የቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ሲሆኑ ቄሱ ራሳቸው «ጀላል፣ ጾመኛ ነህ፣ ይብቃህ» እያሉ ያስወርዷቸው ነበር ይባላል።

እኔ ያመጣሁባቸው ጣጣ የጀመረው አዲስ አበባ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በታሪክ ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት የአሮጌ ቤቶችን ታሪክ እመዘግብ ነበር። ልቤን የወሰደው ከፒያሳ ቁልቁል የነበረው የነጋድራስ አራጌ ቤት ነው። ታችኛው ፎቅ ጥርብ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ። የጠረቡት ሕንዶችና አርመኖች ናቸው ይባላል። የተሸከመውና የደረደረው ግን የአገር ሰው ነው፤ ስሙም የትም አልተጻፈም። ነጋድራስ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ደርግ ወረሰው፤ ቀበሌ ገባበት፤ አሥራ አንድ ቤተሰብ በጣውላና በካርቶን ከፋፍሎ ኖረበት። በመጨረሻ መንገድ ሊሰፋ ነውና ይፍረስ ተባለ። ጥቂቶቻችን ስንጮኽ፣ መሥሪያ ቤቱ ድንጋዩ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጎበት እንደሚነሳና ሌላ ቦታ እንደ ነበረ እንደሚሠራ ቃል ገባ።

ድንጋይ ሳይሰብር የሚነቅል ግንበኛ ሲፈለግ «በአገሬ አንድ ሰው አሉ» አልሁ።

ጋሽ ጀላል መጡ። የቀን ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው። አንዱ፣ ድንጋዩን እንደ ጥርስ ነው እንዴ የሚነቅሉት ቢላቸው፣ «ያንተ ጥርስ ቢሆን እንዲህ አልጠነቀቅም» አሉት። የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ሰጥቷቸው፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቁጥር ይጻፍ ብሎ ሄደ። ቆርቆሮው ሳይከፈት ሰነበተ።

በሳምንቱ አንድ ድንጋይ ገልብጠው አሳዩኝ። ሲገነባ በማይታየው ጀርባው ላይ በሹል ብረት የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮችና ነጥቦች አሉ። መስመሩ የስንተኛው ረድፍ እንደሆነ፣ ነጥቡ ከማዕዘኑ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። በእኛ አገር ግንበኛ የድንጋይን ገጽ አያቆስልም።

«ኢንጂነሩ በቀለም ነው ያለው» አልኋቸው።

«ገጽ ለተመልካች ነው፤ ጀርባ ለባለሙያ። መልሼ የምሠራው እኔ አይደለሁ?»

ለኢንጂነሩ ልነግረው አሰብሁ። ዛሬ ነገ ስል ለሥልጠና ናዝሬት ተላክሁ፤ ስመለስ ቤቱ ተነስቶ አልቋል። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ የተሰበረው ሁለት ብቻ ነው። ጋሽ ጀላልን «ሲሠራ እንጠራዎታለን» ብለው ሸኟቸው።

አገራቸው ገብተው ጠበቁ። የማሻ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲመጡባቸው፣ አማና አለብኝ፣ አደራ ተቀብያለሁ፣ በማንኛውም ቀን ሊጠሩኝ ይችላሉ ብለው መለሷቸው። በዚህ መሀል ለቤቱ የታሰበው ቦታ በሊዝ ለሆቴል ተሰጠ። ድንጋዩ አንድ ግቢ ውስጥ ሣር በቀለበት።

በ1996 በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ፣ ቤቱ ለምን አልተሠራም የሚል ጥያቄ ተነሳ። ኃላፊው ስለ ሊዙ ትንፍሽ አላለም። ድንጋዮቹ ቁጥር አልተጻፈባቸውም፤ ያነሳቸው ፊደል ያልቆጠረ ግንበኛ ነው፤ ያመጣውም አካሉ ነው አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዱን ገልብጣችሁ እዩት ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ ከሥራ ታግዶ ነበር። ተነስቼ «ሂሱን እቀበላለሁ፤ ድክመቴ ነው» አልሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ቤቱ ያልተሠራው በግንበኛው ጥፋት ነው የሚል ደብዳቤም ወደ ወረዳው ተጻፈ።

ደብዳቤው ሲነበብላቸው የሆነውን ባለቤታቸው አስያ ኋላ ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ይቆጣሉ ሲል፣ ጋሽ ጀላል እጃቸውን እያዩ ቆዩ። ድንጋዩ እንዳይጎዳ ብለው ቀጭን ስለ ጫሩ ዝናብ እንደበላው እርግጠኛ ሆኑ። በሳምንቱ መዶሻቸውንና መሮዎቻቸውን ሸጡ። የመስጊድ ኮሚቴው ሚናራውን ይሥሩልን ብሎ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። አማና የበላ እጅ የአላህን ቤት አይነካም አሉ። ገመድ መግመድ የጀመሩት ያኔ ነው።

በ2003፣ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላ፣ በዚያ ግቢ በኩል ሳልፍ ሠራተኞች በትልልቅ መዶሻ ድንጋይ ሲፈልጡ ሰማሁ። የነጋድራስ ቤት ድንጋይ ለጋራዥ አጥር መሠረት እየተሰበረ ነበር። አንዱን ገለበጥሁ። መስመሩ ትናንት የተጫረ ይመስላል። ሰባት ገለበጥሁ፤ ሰባቱም ላይ አለ።

በደሴ አድርጌ መካነ ሰላም ወረድሁ። ያየሁትንም፣ ግምገማው ላይ ያልሁትንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ቃጫውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ዝናብ አልበላውም?»

«አልበላውም፣ ጋሽ ጀላል። ገልብጦ ያየ የለም እንጂ።»

«አንተ አይተህ ነበር።»

«አይቼ ነበር።»

«ቤቱስ? አሁን ይሠራል?»

«አይሠራም። ድንጋዩ ተሰብሮ አልቋል።»

እውነቱን ሲሰሙ ይቀላቸዋል ብዬ ነበር የመጣሁት። ይቅር በሉኝ አልኋቸው። የቃጫውን ጫፍ በጣታቸው እየፈቱ እንዲህ አሉ፦

«ሰባት ዓመት ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማረኝ እያልሁ ተውበት ሳደርግ ኖርሁ። ለምጄው ነበር። የራስ ጥፋት ከአላህ ጋር ያልቃል። ያንተን ግን ምን ላድርገው?»

አስያ ከጓዳ ብቅ ብለው ምሳ መቅረቡን ነገሩን። ጋሽ ጀላል ቀና ሳይሉ «አካሉ አይበላም፤ የደሴው መኪና ያመልጠዋል» አሏቸው።

የደሴው መኪና የሚነሳው በማግስቱ ጧት ነበር። ሦስታችንም እናውቃለን። ተነስቼ ወጣሁ።