በጭቃ ግድግዳ ላይ የመስታወት መደርደሪያ

ሚስቴ ወገቧ ጎብጦ ቀረ። ከዚያ በላይ ልጎንበስ ካለች ትወድቃለች። የገላ ሳሙናው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ምራታችን መታጠቢያ ክፍሉ አብራት እየገባች ታጥባት ጀመር። ሚስቴ ይህን አልቻለችም። «የልጄ ሚስት ገላዬን ከምታይ ብሸት ይሻለኛል» ብላ መታጠቡን ተወችው። እውነትም መሽተት ጀመረች። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም።

ደባርቅ ገበያ ወጥቼ መደርደሪያ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ፕላስቲክም መስታወትም አወጣ። ፕላስቲኩን ጫን ሳደርገው ተወላገደ።

«አባቴ፣ መስታወቱን ይውሰዱ። ሆቴሎች የሚወስዱት እሱን ነው።»

«እኔ ሆቴል እመስላለሁ?»

«ባለሀብት ይመስላሉ እንጂ!»

«ዓይንህን ታከም» አልሁት። ወሰድሁት ግን። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ስለተሞረደ እጅ አይቆርጥም።

ፊደል የቆጠርሁት ሸምግዬ ነው። የካርቶኑን ጽሑፍ ላንብብ ብል ቻይንኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ቢነበብስ ስለ ጭቃ ቤት ምን ያውቃል? ከጊች ተራራ ላይ ወደ ደባርቅ ስንወርድ ቤቱን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ላዩን ነው፣ ውስጡ ጭቃና ጭድ። ጭቃ ደግሞ ብሎን አይይዝም። የሚይዘው ማገሩ ነው፣ በቋሚዎቹ ላይ አግድም የተመታው እንጨት። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። የታችኛው ማገር ውኃ ሲረጨው ኖሮ በስብሷል፣ ድምፁ የሞተ ነው። የላይኛው ደህና ነው። እሱ ላይ አሰርሁት፤ በደረቴ ልክ። ሳሙናዋን ጫንሁበት፤ ንቅንቅ አላለም።

ጠራኋት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ገባችና እጇን ሰደደች። ጣቷ ከመስታወቱ በታች ቀረ።

«ይኸ ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ!»

«እኔማ አጥሬያለሁ። አብረን እየኖርን አላየኸኝም?»

«እንዴት አላይሽም?»

«አንተ የምታየው የድሮዋን ሙሽራ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ እጇን ይዤ ግድግዳው ላይ አስደገፍሁና በደረሰችበት ልክ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ጭቃውን ፈንቅዬ፣ የበሰበሰውን አውጥቼ፣ ምልክቱ ላይ አዲስ ማገር መታሁ። ጭቃ አቡክቼ መረግሁት። ክረምት ነበር። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ቤታችን ውስጥ ያድራል፤ ጭቃው አልደርቅ አለ። እሷም ሳትታጠብ ጠበቀች።

«ደረቀ?»

«አልደረቀም።»

«እኔ ቀድሜው እደርቃለሁ።»

ደረቀና መደርደሪያውን ሰቀልሁት። አሁን በሩን ዘግታ ብቻዋን ትታጠባለች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ መስታወቱ እጥላለሁ፤ ሳሙናው ሲቀመጥ ቀጭ ይላል፣ ያን ስሰማ እተነፍሳለሁ።

ሰሞኑን ቀጭታው ዘገየ። ወጥታ ነጠላዋን እየተከናነበች፣ «ትንሽ ዝቅ አይልም?» አለችኝ።

«አያለሁ» አልኋት።

ከዚያ በታች ማገር የለም። ያለው የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ ነው።