አሥራ አንድ ቤት የዞረው ሙሽራ

ይህ የሆነው ዓምና ከፋሲካ በኋላ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ፣ ሰው አእምሮዬን የሳትሁ ይመስለዋል።

ያን ሰሞን ከቁንዝላ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሬ መጥቼ ዓባይ ማዶ ወንዱ ልጄ ዘንድ ነበርሁ። የእሱን ልጅ ትዕግሥትን አንድ ፈረንጅ ላግባት ብሎ ሽማግሌ ላከ። ጆን ይሉታል፤ እኔ ዮሐንስ ነው የምለው። ልጄ «እናቴ ካልፈቀደች አይሆንም» ብሎ ነገሩን እኔው ላይ ጣለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ንግግሩን የያዙት ለፈረንጁ ቤት ያከራዩት ሐጂ ሰይድ ነበሩ። እንደ ወጉ «ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ ማን ይንገረው፣ ልጁም ተከትሏቸው መጥቶ አብሮ ቆመ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልሁ።

«በአገሩ ኳስ ተጫዋች ነበር» አሉ ሐጂ። «የእኛው ኳስ አይደለም። አንዱ በዱላ ይመታታል፤ ይህ ሜዳው ዳር ቆሞ ከሰማይ ስትወርድ ይቀልባታል።»

«ካልወረደችሳ?»

«ይጠብቃታል።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ደመወዝ አለው እኮ፣ እሜቴ!»

በቆሎ ከዝንጀሮ እንደሚጠብቅ ሰው መሰለኝ። እሱስ ደኅና ሥራ ነው ብዬ «የት የት ሠራ?» አልሁ።

ትዕግሥት ናት ከጓዳ «አሥራ አንድ ቡድን፣ እምዬ!» ያለችው። ያኮራል ብላ ነው።

«ከአሥራ አንድ ቤት የተባረረ ሰው ልጄን ሊያኖራት?» ብዬ ተነሣሁ። ትዕግሥት ጓዳ ውስጥ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ቀሩ፤ አንደኛው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

ልጁ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ተናገረ። «እማማ፣ አልተባረርኩም። አንዱ ቡድን ለሌላው ይሰጠኛል። ሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ።»

«ጠይቀውህ ነው?»

«አይጠይቁኝም። እነሱ ስልክ ይደዋወላሉ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እማማ ግን የት ነው የሚኖሩት?» አለኝ።

«ክረምቱን እንፍራንዝ ታናሿ ልጄ ዘንድ፣ ከዚያ ቁንዝላ ትልቋ ዘንድ፣ ከዚያ እዚህ።»

«ማን ወሰነ?»

ልጄን አየሁት። ጣራ ጣራውን ያያል። ስመጣ እኅቱ በስልክ «ተራህ ነው፣ ተረከባት» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሦስት ቡድን!» አለ ልጁ፣ ሦስት ጣቱን ቀስሮ። «እማማም ተጫዋች ነዎት!»

ልቆጣ አፌን ብከፍት ሳቄ አመለጠኝ። ሐጂማ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ፣ ሲስቁ፣ ሳያውቁት ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

«ሐጂ፣ ቃል ሳይሰሙ ተቀመጡ እኮ!» አልኋቸው።

«እንግዲህ ፈቅደዋል ማለት ነዋ!» አሉኝና ሌሎቹንም እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። የተቀመጠ ሽማግሌ ማን ያስነሣል? «ይሁን» አልሁ። ትዕግሥት ከጓዳ በርራ ወጥታ እግሬ ላይ ወደቀች።

አሁን ሐይቁ አጠገብ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ባለፈው ወር ደውለው «እምዬ፣ እኛም ዘንድ ይክረሙ እንጂ» አሉኝ። ልጆቼ ሲልኩኝ እንጂ ሰው ሲጠራኝ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ደግመው እንዲነግሩኝ አደረግኋቸው።

ብቻ እንዲህ በቀላሉ እሺ አላልሁም። «እስኪ ሦስቱን ቡድኖቼን ላማክር፤ ተፈላጊ ሰው ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።