በሩን የያዘው ማርሽ

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው እንባ አልወጣውም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ልጁ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይላል። ከባድ ሸክም የቆየበት ትከሻ እንደሚደነዝዝ እሱም ሁለመናው ደንዝዞ ነበር።

ሥራው ቶርኖ ነው። ብረት እያሽከረከረ ሲቀርጽ አርባ ዓመት አልፎታል። ሰው «ኢንች» ይለዋል፤ አገር ምድሩ ወደ ሚሊሜትር ሲዞር እሱ ግን የአልጋውን ርዝመት እንኳ በኢንች ነው የሚናገረው። ሚስቱ መጽሐፍ መጠረዣ ቤት፣ በአንዲት አሮጌ የመስፊያ ማሽን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» ትል ነበር፤ «እኔ ቀን ከወረቀቱ ጋር እውላለሁ፣ ማታ ከሌላው ጋር አድራለሁ።»

ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዋ ወደ ቶርኖ ቤቱ መጣች። ከቅጥነቷ የተነሣ «መርፌ» ይሏታል።

«ጋሼ ኢንች፣ ማሽኗ ቆመች።»

«የትኛዋ?»

«የእሷ ናታ። የማሽኗን ክንድ ከያዙት አራት ቡሎኖች ሁለቱ ተበጠሱ፣ የቀሩትም ተበልተዋል። አለቃችን ለሐሙስ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ጠርቷል። እስከዚያ ካልተነሣች በኪሎ ትሄዳለች።»

ከቦርሳዋ የተበጠሰውን ቡሎን አውጥታ ሰጠችው። በአውራ ጣቱ ጥፍር የቡሎኑን ጥርስ ዳሰሰ። ግማሽ ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ አሥራ ሁለት ጥርስ። እንዲህ ያለው ከገበያ ከጠፋ ቆየ።

«ያልጠየቅንበት ሱቅ የለም» አለች። «አንድ መካኒክ ባለ አሥራ ሁለት ሚሊ ይዞ መጣ። ሁለት ዙር እንደ ቅቤ ገባለት።»

«ከዚያ ነከሰ።»

«ነከሰ። በቁልፍ ሊያስገድደው ሲል እጁን ያዝኩት። እሷ ሁልጊዜ ‹የኢንቹን ቀዳዳ በሚሊ አታስገድዱ፣ ባሌ ይሞትብኛል› ትለን ነበር።»

ቡሎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እሠራዋለሁ» አላት። ልቡ ተነሣሥቶ አይደለም። ማሽኗ ተሰባብራ መኪና ላይ ስትጫን ታየውና ምንም ሳይሰማው ቀረ፤ ይኼ ደግሞ አስፈራው። ከቀብሩ ወዲህ የተሰማው ነገር ይኸው ፍርሃት ብቻ ነበር።

ችግሩ ቶርኖው ራሱ የሚሊ መሆኑ ነው። የኢንች ጥርስ እንዲያወጣ መቶ ሃያ ሰባት ጥርስ ያለው ማርሽ ይገጠምለታል። ማርሹ የለም። ሰኞንና ማክሰኞን መደርደሪያውን ሲያወርድ ሲሰቅል፣ ሣጥን ሲገለብጥ ዋለ። ጎረቤት ያለውን ቶርኖ ሠራተኛ ጠየቀ።

«እሱን የመጨረሻ ያየሁት አንተ ጋ ነው» አለው ጎረቤቱ። «አንተንም እንደ ቅርስ ነው የማይህ።»

ማክሰኞ ከሥራ ተመልሶ ቤት እንደገባ ልጁ ደወለች። ደህና መሆኑን ነግሯት ስለ ማርሹ አነሣ።

«ቤት ፈልገሃል አባዬ?»

«ማርሽ ቤት ምን ይሠራል?»

«እማዬ የመኝታ ቤቱን በር እንዳይዘጋ የያዘችበት ታዲያ ምን መሰለህ?»

ዞር ብሎ አየ። በሩ ሥር ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ክብ ነገር ተቀምጧል። ስንት ዓመት ሙሉ እግሩን እያነሣ ተሻግሮታል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ወለሉን እንዳይጭር ብላ በመጽሐፍ ክር፣ በመጽሐፍ አሰፋፍ ዙሪያውን ጠርዛዋለች። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቋጠሮውን በምላጭ በጥሶ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታው። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ጨርቁን አጠፈው። ማርሹን ሲያነሣ በሩ ቀስ ብሎ በራሱ ተዘጋ።

ረቡዕ ሥራ ጀመረ። ባለ ስድስት ማዕዘን የብረት ዘንግ ነበረው፣ ለአምስት ቡሎን የሚበቃ። የቡሎን ጥርስ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ መቁረጫው በዚያው ቦይ ደጋግሞ ማለፍ አለበት። ያ ማርሽ ሲገጠም ደግሞ መቁረጫውን የሚነዳውን እጀታ ታች እንደተጫነ መተው እንጂ ሥራው እስኪያልቅ መልቀቅ የለም፤ ማሽኑን ወደ ኋላ እያሽከረከሩ መመለስ ነው። ከለቀቁት መቁረጫው ቦዩን ይስታል።

ሦስቱ አማሩ። አራተኛው ላይ እጁ በሚሊ ሥራ እንደለመደው እጀታውን ለቀቀው። መቁረጫው ሲመለስ በጥርሱ ላይ ሌላ ጥርስ ደረበበት። ቆሞ አየው። አልተናደደም። ጀማሪ እንኳ አንዴ ከተቆጡት የማይደግመውን ስሕተት ሠርቶ፣ የሌላ ሰው ጥፋት የሚያይ ነበር የሚመስለው።

የቀረው ብረት ለአንድ ብቻ ይበቃል። ከኪሱ ክሩን አወጣና እጀታውን ከቶርኖው አካል ላይ፣ ከታች ካለው ቡሎን ጋር ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረው። የመጽሐፍ ክር ሰም የጠጣ ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም። እጁ ሦስቴ ሊለቅ ሄደ፣ ሦስቴም ክሩ ያዘው።

ሐሙስ ጠዋት መጠረዣ ቤቱ ውስጥ አራቱም ቡሎኖች በጣት እየዞሩ እስከ መጨረሻው ገቡ። መርፌ ተቀምጣ አንድ ደብተር ሰፋች። አለቃው በር ላይ ቆሞ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ብረት ገዢውን እንዳይመጣ ነገረው። ባልየውም አዳመጠ። ሚስቱን ሊወስዳት ሲመጣ ከግቢው ሆኖ የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ያኔ ድምፁ ሲቆም «መጣች» ይል ነበር።

«ድምጿ አልተለወጠም አይደል ጋሼ?»

«አልተለወጠም።» ከኪሱ ጨርቁን፣ ከከረጢቱ ማርሹን አወጣ። «ይኼን እንደነበረ ትሰፊልኛለሽ?»

«ለሥራ አይፈለግም እንዴ?»

«የሚፈልገው ሰው ከመጣ የት እንዳለ አሁን አውቄዋለሁ።»

እዚያው ሰፍታ ሰጠችው። ቤቱ ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተና ማርሹን ሥሩ አስቀመጠው። ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ናት።

«እንዴት ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ» ሊላት አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም።

«ማርሹን በሩ ሥር መለስኩት» አላት።

ልጅቷ ስልኩን አልዘጋችውም። እሱም ስልኩን እንደያዘ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።