ቁጥር የሌለው የአባዬ አድራሻ

የሄድኩ ማታ አባዬ ጸሎቱን አስረዘመው። ቤታችን የካ፣ ሽቅብ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ ታክሲ እስከ በራችን አይወጣም። ሾፌሩ ታች ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል፣ አባዬ ለአውሮፕላኑ፣ ለአብራሪው፣ ለማናውቃቸው ተቀባዮቼ በየተራ ይጸልያል። በመጨረሻ ሾፌሩ ተማሮ ዳገቱን ወጣና በራችን ላይ ቆሞ «አሜን» አለ። ጸሎቱ ያበቃው በሱ አሜን ነው። እየሳቅን ወጣን፤ ቶሎ የምመለስ ስለመሰለኝ ዞር ብዬ ቤቱን እንኳ አላየሁትም።

ያረፍኩት ኖርዌይ፣ ሰሜኑ ጫፍ ነው። ከተማ ይሏታል እንጂ የካ አባዶ አንድ ረድፍ ኮንዶሚኒየም ከሷ የበለጠ ሰው ሳይኖረው አይቀርም። እንጦጦ ሥር ያደገ ብርድ አይፈራም እያልኩ ስፎክር ነበር። የእንጦጦ ብርድ ግን ረፋድ ላይ ይለቅሃል፤ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ጠፍታ ትከርማለች። አከራዬ አሮጊት ናቸው። ሽሮ ስሠራ በር አንኳኩተው የሚቃጠል ነገር አለ ወይ አሉኝ። እራቴ ነው አልኳቸው። በትሕትና መስኮት እንድከፍት ለመኑኝ፤ ውጪው በረዶ ነው፣ ሽሮዬም እኔም አብረን ቀዘቀዝን።

ጥገኝነት ጠይቄ እስኪወሰንልኝ መሥራት አይፈቀድልኝም ነበርና ቀኑን የምገፋው ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር፤ ደብዳቤ ይወዳል። ኢሜይል ልክፈትልህ ብዬ በነጻው አገልግሎት ብሞክር ስሙ ተይዟል፣ ቁጥር ጨምርበት አለኝ። በስልክ ነገርኩት።

«ስሜ ላይ ቁጥር የሚለጠፍብኝ እስረኛ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ በአያቴ በገመዳ ስም የራሳችንን ዶሜን አወጣሁ። ዶሜን ማለት ኢንተርኔት ላይ የሚመዘገብ ስም ነው፣ እንደ ቦታ ካርታ፤ ስሙ የኛ ይሆናል፣ ደብዳቤ የሚቀበልልን ሰርቨር ግን የኪራይ ነው። በገመዳ ስም የሚመጣ ሁሉ ወደዚያ ሰርቨር እንዲሄድ ዶሜኑ ላይ አቅጣጫ ጻፍኩ፤ ሁለት ሳጥን ከፈትኩ፣ አንዱ የአባዬ አንዱ የኔ። አድሚኑ፣ የሁለቱም ሳጥን ቁልፍ ያዥ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ዶሜኑ የኔ መሆኑን እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ፤ አንድ መስመር ኮድ ሰጠኝ፣ ዶሜኑ ላይ አስገባሁት፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ «ባለቤትነትዎ ተረጋግጧል» አለኝ። አለቀስኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ ማንነቴን የሚያረጋግጥ አዲስ ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተር አምኖኛል አልኳት። እሱ እኛ ጋ አይሠራም አለችኝ፣ ሳትስቅ።

አባዬ በየሳምንቱ ዳገቱን ወርዶ ኢንተርኔት ቤት ይገባል። ኔትወርክ ካለ ይጽፍልኛል፤ ከሌለ ተመልሶ ዳገቱን ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ እንዳስለመደው ከላይ ጉዳዩን ሳይጽፍ ደብዳቤ አይጀምርም። «ጉዳዩ፡- የጤንነታችንን ሁኔታ ስለማሳወቅ።» «ጉዳዩ፡- የዝናቡን መዘግየት ይመለከታል።» አንዴማ «ጉዳዩ፡- ጉዳይ ስለሌለ» ብሎ ሁለት ገጽ ጻፈልኝ። ከታች ከሰላምታ ጋር ሙሉ ስሙ እስከ አያቱ ይሰፍራል። ያን ፀሐይ አልባ ክረምት ደግፎ ያቆመኝ የሱ ደብዳቤ ነው።

ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። ብዙ ሳይቆይ አብራው የምትኖረው እኅቴ ጫልቱ ደወለች። ጉንፋን ቢጤ ይዞታል፣ ፓስዎርዱም ጠፍቶበታል፣ ቀይርና ለኔ ንገረኝ አለች። ቀየርኩላት። በማግስቱ ከአባዬ ሳጥን ኢሜይል መጣ። «ሰላም ነህ ልጄ? እኛ ደህና ነን። በርታ።» ጉዳዩ ባዶ ነው። ፊርማም የለውም።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መርዶ ንጋት ላይ ነው፤ ሽማግሌ ይመጣል፣ ዘመድ ግራና ቀኝህ ይቀመጣል፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ይዘጋጃል። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። እዚህ ማን ይምጣልኝ? አሮጊቷ? ቅርብ የሚባለው ሐበሻ ባሕር ማዶ ደሴት ላይ ነው፤ አያውቀኝም።

አድሚን ነኝና የአባዬን ሳጥን ከፍቼ ማየት እችላለሁ። ጣቴ ስንት ጊዜ እዚያ ደርሶ ተመልሷል። መርዶ ግን ሰው ይነግርሃል እንጂ ተደብቀህ አታነበውም። እስኪነግሩኝ ማልቀስ አልችልም፤ የጥገኝነት ጥያቄዬም ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ላይ ነው፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ እመልሳለሁ፤ «አባዬ ጉንፋኑ ተሻለህ?» እላለሁ። ትንሽ ተሽሎኛል ይለኛል። ጫልቱ እዚያ እያለቀሰች በሱ ስም እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ አልቻልኩም፣ ደወልኩላት። አባዬን አገናኚኝ አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ነው አለች። እጠብቃለሁ አልኩ።

«ጫልቱ፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«አጠገብህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ጎረቤት እንኳ? አንድ የሚይዝህ ሰው?»

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «አባዬ ደህና ነው።»